ዝናብ ከዘነበ በኋላ የሚቆየው ድርቅ

(በድርቅ ጊዜ ስለ ቤት እንስሳት አመጋገብና መራባት ለዕርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የቤት እንስሳት አመጋገብና መራባት ከድርቅ ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ የእንስሳት ሐኪም ወይም ተመራማሪ አይደለሁም። ሆኖም የሥራዬ ጠባይ ሊቃውንት በሙያቸው ቋንቋ የጻፉትን፣ ውሳኔ ሰጪዎች በሚረዱት አነጋገር ማቅረብ ስለሆነ፣ ባለፉት አምሳ ዓመታት በአገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከተገኘው እውቀት ለሥራችን የሚጠቅመውን በአጭሩ ላቀርብ እሞክራለሁ።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት «ድርቁ አለፈ» ብለን መዝገባችንን የመዝጋት ልማድ አለን። ድርቁ ግን ከሰማይ ቢያልፍም ከላሟ ሰውነት ገና አልወጣም። ወተት ወደ ቤት የሚመለሰው ዝናብ ከመጣ ከዓመት በኋላ ነው፤ በዚያው መንጋ የሚወለድ በሬ ቀንበር የሚሸከመው ደግሞ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ይህን የጊዜ ርቀት የማያውቅ የዕርዳታ ዕቅድ፣ ምንም ያህል በቅን ልቡና ቢዘጋጅ፣ ሕዝቡን እመንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ከታሪክ የምናገኘው ትምህርት

እንደሚታወቀው፣ «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ ረኀብ ዋነኛ መነሻው የከብት እልቂት ነበር። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ክፍል ፈጀው። በዚያ ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩ። ዝናብ በጣለባቸው ስፍራዎች እንኳ የሚያርስ በሬ ስላልነበረ መሬቱ ጦሙን አደረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መቆፈሪያ ይዘው በእጃቸው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

ያ በሽታ ዛሬ የለም። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ ተረጋግጧል፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ሆኖም መንጋን የሚያራቁተው ሌላው ጠላት፣ የመኖና የውኃ እጦት፣ አሁንም አብሮን አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአፋር፣ ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍልና በቦረና፣ እንዲሁም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉባቸው በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች የደረሰው ጥፋት ይህንኑ ያረጋግጣል። በመጨረሻው ድርቅ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል።

በቦረና ስለ 1975–77ቱ ድርቅ የተካሄዱት ጥናቶች አንድ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አሳይተዋል። ድርቅ መንጋውን በእኩል አይመታም። አብዝተው የሚሞቱት ጥጆችና ላሞች ናቸው። ላም በአንድ ጊዜ ለራሷ፣ ለምታጠባው ጥጃና ለፅንሷ ስለምትኖር ሸክሟ ከሁሉም የከበደ ነው። እንግዲህ ድርቅ አስቀድሞ የሚያጠፋው መንጋው ራሱን የሚተካበትን ክፍል ነው ማለት ነው።

የላሟ ሰውነት ወጪውን የሚያዝበት ሥርዓት

ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ላም የምታገኘው ምግብ ሲያንሳት ሰውነቷ ወጪውን በቅደም ተከተል ይቀንሳል። በቅድሚያ የሚጠበቀው ነፍስን ማቆየት ነው፤ ይኸውም መተንፈስ፣ ሙቀትን መጠበቅ፣ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ መጓዝ ነው። ቀጥሎ የወለደችውን ማጥባት ይመጣል። ከዚያ የራሷ ሥጋና ስብ ይከተላል። በመጨረሻው ረድፍ የሚገኘው አዲስ ፅንስ ነው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቋረጠው መፅነስ ነው፤ ችግሩ ሲያልፍም መጨረሻ የሚመለሰው እርሱው ነው።

ላም ከክብደቷ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሰውን ስታጣ፣ ከአንጎሏ ሥር የሚመነጨው የሆርሞን ትእዛዝ ይዳከማል፤ እንቁላል መብሰሉ ይቆማል፤ ላሟም ኮርማ አትፈልግም። የምታጠባ ከሆነች ደግሞ ማጥባቱ ራሱ ይህን መመለስ የበለጠ ያዘገየዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ እናትን ለማዳን የወሰደው እርምጃ ነው። በመሆኑም በመርፌም ሆነ በመድኃኒት አይድንም። መድኃኒቱ መኖ ነው።

መኖ ሲባል ግን ሆድ የሚሞላ ነገር ሁሉ ማለት አይደለም። በላሟ ከርስ ውስጥ ሣሩንና ጭዱን የሚያብላሉ ረቂቅ ተሐዋስያን አሉ። እነርሱም ለመኖር ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። በምትበላው መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፤ ጭዱ በከርሷ ውስጥ ይቆያል፤ ላሟም መብላት ትቀንሳለች። የጤፍ ጭድ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የገብስና የስንዴ ጭድ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጭድ ብቻ የሚቀርብላት ላም ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። በአንጻሩ የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። ለዚህ ነው ጥቂት ፋጉሎ ሲጨመርበት የጭዱም ጥቅም ከፍ የሚለው።

ከዚህም ሌላ፣ ለወራት ለምለም ነገር ያልቀመሰች ላም የቫይታሚን ኤ እጥረት ይደርስባታል፤ የምትወልደውም ጥጃ ደካማ ይሆናል። አጥንት ስታኝክ የምትታይ ላም ደግሞ ፎስፎረስ እንዳነሳት በአንደበት ፋንታ በሥራዋ የምትነግረን ናት። በመስክ ላይ ያለ ሠራተኛ ይህን አይቶ እንዳላየ ማለፍ የለበትም።

የጊዜው ስሌት

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ። በቦረና በመጋቢት ጥሩ ዝናብ ጣለ እንበል። ሣሩ አድጎ፣ የከሳችው ላም ሥጋ እስክትለብስ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያልፋል። ሁሉ ነገር ከቀናና በሰኔ ከፀነሰች፣ እርግዝናዋ ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀናት ስለሆነ፣ የምትወልደው በሚመጣው ዓመት መጋቢት ማብቂያ ገደማ ነው። ይህ በጣም ፈጣኑ መንገድ ነው። ክፉኛ የተጎዳች ላም በዚያ ወቅት ሳትፀንስ ብትቀር ግን ሌላ ዓመት ይጨመርበታል።

የተወለደው እምቦሳ ወንድ ቢሆን ለቀንበር የሚደርሰው በሦስት ወይም በአራት ዓመቱ ነው። ሴት ብትሆን በአገራችን ከብት ልማድ ጊደሯ መጀመሪያ የምትወልደው ወደ አራት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ቆይታ ነው። እንግዲህ ድርቁ ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ ቤተሰቡ ገና በማገገም ላይ ነው። በዚህ መካከል ሌላ ድርቅ ቢመጣ ያገኘው ያላገገመ መንጋ ነው።

ፍየልና በግ ግን አምስት ወር ብቻ አርግዘው ስለሚወልዱ ቶሎ ያገግማሉ። ግመል ወደ አሥራ ሦስት ወር ብታረግዝም በድርቅ ውስጥ ወተት መስጠቷን ስለማታቋርጥ ሌላ ጥቅም አላት። ስለሆነም መልሶ ለማቋቋም ሲታሰብ ለተራበ ቤተሰብ ፈጥና የምትደርሰው የወለደች ፍየል መሆኗን ማስታወስ ይገባል።

መኖው ለማን ይሰጥ?

250 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን ወደ 6 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። በዘጠና ቀን 540 ኪሎ ግራም፣ ማለት አምስት ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ይሆናል። ሃያ ከብት ላለው አንድ ቤተሰብ ከ100 ኩንታል በላይ ይጠይቃል። ይህን የሚችል የዕርዳታ በጀት የለም። ከመንጋው ሦስት ላሞች ቢመረጡ ግን 16 ኩንታል ያህል ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ከብት እናድን የሚል ብቻ አይደለም፤ የትኛዋን ላም እናድን የሚልም ነው።

መልሱ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ቅድሚያ የሚገባት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የወለደች፣ ገና ብዙ ዘመን ያላት፣ ያረገዘች ወይም የምትታለብ ላም ናት። ምርጫውን ግን ከቢሮ መወሰን አይገባም። የትኛዋ ላም መልካም ዘር እንዳላት፣ የትኛዋስ ጥጃዋን እንደምትገፋ የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው፤ በተለይም የምታልበውና ወተቱን ለልጆች የምታከፋፍለው የቤቱ እመቤት ናት።

የቀሩት እንስሳት ሳይከሱ መሸጥ አለባቸው። በ1998 ዓ.ም. በቦረና ድርቅ ጊዜ በሞያሌ አካባቢ ሁለት ነጋዴዎች ብድር ተመቻችቶላቸው ወደ 20,000 የሚጠጋ ከብት ከአርብቶ አደሩ ገዝተዋል። ቤተሰቦቹም ካገኙት ገንዘብ ከፊሉን ለእህል፣ ከፊሉንም ለቀሩት ከብቶቻቸው መኖ መግዣና ማጓጓዣ አዋሉት። ዕርዳታ ሰጪው በእጁ እህል ሳያድል ሕዝቡ በራሱ ሀብት ራሱን ጠቀመ ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴር የወጣው በአርብቶ አደር አካባቢዎች የእንስሳት ነክ ዕርዳታ መመሪያም ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ የተቀዳ ነው።

የዚህ ሥራ ጥቅም ከመንጋው አልፎ ወደ ሕፃናቱ ይደርሳል። በሶማሌ ክልል በሽንሌና በሊበን ዞኖች በተፍትስ ዩኒቨርሲቲና በሴቭ ዘ ቺልድረን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት፣ የሚታለቡ እንስሳት በቤት አጠገብ ቆይተው መኖና ሕክምና ሲያገኙ፣ ሕፃናት በደረቁ ወራት ወተት ማግኘታቸውን እንደቀጠሉ፣ የሰውነታቸውም ሁኔታ እንዳላሽቆለቆለ አመልክቷል። እናንተ በክንድ መለኪያ የምትመዘግቡት የሕፃን ክሳትና ላሟ የምትበላው መኖ አንድ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የሕዝቡም ጥንታዊ ዋስትና በዚህ ላይ የቆመ ነው። በቦረና «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ከብት ያለቀበትን ሰው ጎሣው ላም አዋጥቶ ያቋቁመዋል። የሚያዋጣ ሰው የሚኖረው ግን የምትወልድ ላም በሕይወት ሲተርፍ ነው። የመራቢያ ላሞችን ማዳን እንግዲህ ይህን የመረዳዳት ባህል ማዳንም ነው።

ክሳትን በዓይንና በእጅ መለካት

መኖ መታደል ያለበት ላሟ ከወደቀች በኋላ ሳይሆን ክሳቷ ገና ሲጀምር ነው። ይህን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኒኮልሰንና ባተርዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በምሕጻሩ ኢልካ ይባል በነበረው፣ ሻኛ ላላቸው ከብቶች የሚያገለግል የሰውነት ሁኔታ መመዘኛ አዘጋጅተው አሳትመዋል። መመዘኛው ከ1 እስከ 9 ደረጃ አለው። 1 አጥንትና ቆዳ የሆነች፣ 9 ስብ ያጨናነቃት ናት። የሚታየውም የጎድን አጥንቷ፣ የጀርባዋ አከርካሪ፣ ዳሌዋ፣ የጭራዋ ሥርና ሻኛዋ ነው። ጥቂት ቀን የሠለጠነ የቀበሌ ሠራተኛ ሊሠራበት ይችላል። የዝናቡን መጠንና የገበያውን ዋጋ በየወሩ እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ የላሞቹ ደረጃ በአማካይ ከመሃል ወደ ታች መውረድ መጀመሩ በሪፖርታችን ቢገባ፣ የመኖው ጭነት መነሣት ያለበትን ቀን አስቀድሞ ይነግረናል።

ስለ አመጋገቡ ጥንቃቄ

በአመጋገቡ በኩል የሚያስፈልገው ጥንቃቄ በዝርዝር ለባለሙያ የሚተው ቢሆንም፣ ሁላችንም ልናውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ለተራበች ላም እህል በብዛት ማቅረብ ይገድላታል። በከርሷ ውስጥ አሲድ ይፈጠራልና። ፋጉሎና ፉርሽካም ቢሆን በጥቂት ተጀምሮ ከቀን ወደ ቀን መጨመር አለበት።

ሁለተኛ፣ ጭድን በዩሪያ ማሻሻል ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ አራት ወይም አምስት ኪሎ ግራም ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ 100 ኪሎ ግራም ጭድ ላይ ተረጭቶ ለሦስት ሳምንት ያህል አየር እንዳይገባው ታፍኖ ይቆያል። ነገር ግን ዩሪያ ለብቻው በተራበ ከብት ፊት ከቀረበ መርዝ ነው። ውኃ በጠፋበት ስፍራም ይህን ዘዴ ማዘዝ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በእጅ ያለውን አለመናቅ ነው። የጠላ አተላ፣ አሞሌ ጨው፣ በትግራይና በወሎ የሚገኘው የበለስ ቁልቋል ሁሉ ይረዳሉ። በለስ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ጥምን ያስታግሳል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፤ እሾሁም አስቀድሞ መወገድ አለበት።

አራተኛ፣ ፅንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ በዚህ ጊዜ ያለች ላም ልዩ እንክብካቤ ይገባታል። ጥጃውም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እንገር መጥባት አለበት። በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነው።

በሠፈራ አካባቢ

እስካሁን የተናገርሁት በቀየው ስላለው ሕዝብ ነው። ከቀየው ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ስለሠፈረው ሕዝብ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በጎጃምና በጋምቤላ እንዲሠፍር ተደርጓል። ከእነዚህ መካከል በግድ የተወሰዱ ብዙዎች ናቸው። ከብቶቻቸውም ወይ በድርቁ አልቀዋል፤ ወይ በቀዬአቸው ቀርተዋል። የደጋ ገበሬ በወይና ደጋና በቆላ ያለ በሬ ተቀመጠ። በፓዌ እርሻው በትራክተር ይታረስ ነበር፤ ትራክተሩ ሲቆም የሠፋሪው ተስፋ እንደገና በበሬ ላይ ወደቀ።

በእነዚህ አካባቢዎች የመኖ ችግር ያን ያህል አይደለም። ችግሩ የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ ነው። ገንዲ ደምን ያሳንሳል፤ ከብቱን ያከሳል፤ ያረገዘችውን ያስወርዳል፤ የኮርማውንም ዘር ያደክማል። ስለዚህ ለምለም ሣር መካከል ቆማ በድርቅ እንዳለች ላም የመከነች ላም ማየት ይቻላል። በጊቤ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት በተካሄደው ምርምር፣ የዝንቧ ቁጥር ሲቀነስ የከብቱ ጤናና መራባት እንደሚሻሻል ታይቷል፤ የገንዲ መድኃኒቶች ያለ ሥርዓት ሲሰጡ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን እንደሚለምዱትም እንዲሁ ተረጋግጧል። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሸኮ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ገንዲን የሚቋቋም መሆኑም የታወቀ ነው። ከደጋ በሬ ገዝቶ ወደ ዝንብ አገር መላክ፣ ምንም እንኳ በሪፖርት ላይ መልካም ቁጥር ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ የቆዳ ንግድን ከማስፋፋት አያልፍም።

ሌላው ነገር ሠፋሪን ስናቋቁም በሬ እንጂ ላም አለማሰባችን ነው። አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በመቀናጆ አጣምረው ያርሳሉ፤ በሬዎቹ ሲያረጁ ግን የሚተካቸውን የምትወልድ ላም በመንደሩ ከሌለች መንደሩ ለዘለዓለም ገዢ ሆኖ ይኖራል። በሆለታ የተካሄደው ምርምር በላም ማረስ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ነገር ግን የምታርስ ላም ተጨማሪ መኖ ካላገኘች መፅነሷ ይቋረጣል፤ መኖ ስታገኝ ደግሞ ዘግይታም ቢሆን ትፀንሳለች። ከዚህ የምንማረው፣ ላም በመስጠት ብቻ ሥራው እንደማያልቅ ነው። ያለ መኖ፣ ያለ ኮርማና ያለ ገንዲ ቁጥጥር የምትታደል ላም «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን አነጋገር ከማስታወስ በቀር ለሠፋሪው የምትሰጠው ወተት የላትም።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን ለውይይታችሁ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ የእንስሳት ነክ ዕርዳታ ማብቂያው የዝናብ መምጣት ሳይሆን የተረፉት ላሞች አብዛኛዎቹ የወለዱበት ጊዜ እንዲሆን፤ እስከዚያም ድረስ ወተት ላጡ ቤተሰቦች፣ በተለይም ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች፣ የሚሰጠው ምግብ እንዳይቋረጥ። ሁለተኛ፣ የላሞች የሰውነት ደረጃ በየወሩ ከሚላከው የወረዳ ሪፖርት ጋር እንዲጠቃለልና የመኖ ግዥ በዚያ መሠረት አስቀድሞ እንዲፈቀድ። ሦስተኛ፣ በሠፈራ አካባቢ ከብት ከመታደሉ በፊት የገንዲ ሁኔታ እንዲጠና፣ ከበሬውም ጋር የምትወልድ ላም በዕቅዱ እንድትገባ።

እነዚህ ሐሳቦች ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቁ አይካድም። ይሁን እንጂ ላሟን በሕይወት ለማቆየት የሚያስፈልገው አምስት ኩንታል ተኩል መኖ፣ ከሞተች በኋላ ሌላ ለመግዛትና ያቺም ወልዳ ወተት እስክትሰጥ ድረስ ቤተሰቡን በእህል ዕርዳታ ለመመገብ ከሚወጣው ጋር ይነጻጸር። በስብሰባው ያላችሁ የበጀት ኃላፊዎች በየወረዳችሁ ዋጋ አስልታችሁ እንድትመለከቱት አደራ እላለሁ። ስሌቱ በሚሠራበት ጊዜም መስኩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቅሉ ገና ባዶ የሆነባት እናት፣ የጎደላት የአንድ ሳምንት ሳይሆን የአንድ ዓመት ወተት መሆኑ አይዘንጋ።